ለየሻረግ የሰጠኋት ምክር

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የእህቴ ልጅ ማህሌት አዲስ ሞተርሳይክል እየገፋች ፍኖተ ሰላም ወዳለው ግቢዬ ገባች። እየነዳች መጣች ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ያለችውን አጭር ድንጋያማ መንገድ ፈርታ፣ ሞተሩን አጥፍታ፣ እንደ እምቢተኛ ጥጃ እየታገለች ነበር ያመጣችው። ለማድረቅ ያሰጣሁት በርበሬ ላይ እንዳትወጣብኝ እጄን ዘርግቼ አቆምኳት። ማህሌት የጤና ባለሙያ ናት። ከጅጋ ወጣ ያሉ ሦስት ቀበሌዎችን እየዞረች እንድትሠራ ተመድባ፣ ለዚሁ ሥራ ሞተር ተሰጥቷታል። መንጃ ፈቃዱን አውጥታለች፤ መንዳቱ ግን ገና ነው።

«አጎቴ፣ አንቱ ከሃያ ዓመት በላይ ነድተዋል አይደል? እስቲ የሚበጀኝን ይንገሩኝ» አለችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

ሰው ሲያረጅ የሚጠይቀው ያጣል፤ ስለዚህ ሲጠየቅ አያባራም። እኔም ጀመርኩ። ጠዋት ከመነሳትሽ በፊት ጎማውን በእጅሽ ተጫኚው፣ ካቴናው እንዳልላላ እዪ፣ ሁለቱንም ፍሬኖች ያዝ ለቀቅ አድርገሽ ሞክሪ አልኳት። ነጠላሽን ጠቅልለሽ ጃኬትሽ ውስጥ ክተቺ፤ ካቴና የያዘው ጨርቅ አንገትሽንም ይዞ ይሄዳል። ሄልሜት መሪው ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ አይደለም፤ ራስሽ ላይ አድርገሽ እሰሪው። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ግዢ። ዓይንሽ ጉድጓዱን ካየ ሞተሩም ወደ ጉድጓዱ ነው የሚሄደው፤ መሄድ የምትፈልጊበትን እዪ። ከብት መንገዱን ከሞላው ክላክስ አታብዢ፣ ቆመሽ አሳልፊ። ለስድስት ወር ማንንም ከኋላሽ አትጫኚ፣ የንስሐ አባትሽም ቢለምኑሽ። ከዶፍ ይልቅ ደግሞ ከብዙ ደረቅ ቀን በኋላ የምትጥለውን ካፊያ ፍሪ፤ አቧራውን ሳሙና ታደርገዋለች።

ማህሌት እየሳቀች ጣቷን ታጥፍ ነበር። ሁለቱ እጆቿ ሲያልቁባት ቀና ብላ፣ «ቁልቁለትስ? ቁልቁለት እንዴት ነው የሚወረደው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። መልሱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ሌላ ወጣት ሴት፣ እንደ እሷው ቀና ብላ እያየችኝ ጠይቃኝ ነበር፤ ያኔ ሳላውቅ መለስኩላት። «ቆይ፣ መጀመሪያ ሻይ ላፍላልሽ» ብዬ ተነሳሁ። ሻይ አፍልቼ አላውቅም፤ ማህሌትም ታውቃለች።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከፍኖተ ሰላም በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ የገጠር ማዕከል ተመድቤ፣ ገበሬውን ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አስተምር ነበር። ማዕከል የምንለው ባለአራት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው፤ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ፣ ከጀርባው ጥቂት የዘይቱን ዛፎች፣ በረንዳው ላይ ደግሞ አንድ ቀይ ሞተር። ሞተሩ የቡድን መሪው ነበር። እሱ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ቦታው ለወራት ክፍት ቆየና ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ቀረ። መንዳት ያሳየኝ እሱ ነው፤ ከመሄዱ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት፣ ያውም ለጥ ባለው የኳስ ሜዳ ላይ። የቀረውን ራሴ ነው የተማርኩት እያልኩ አወራ ነበር። የቀረውን አልተማርኩትም።

በዚያ አገር ያኔ ሞተር ያለው ሰው ትልቅ ሰው ነው። ገበሬው «ዶቅዶቄ» ይለዋል፤ ከድምፁ የወጣ ስም መሆኑ ነው። እኔንም «ባለዶቅዶቄው» ይሉኝ ጀመር። ዝክር ቤት ስገባ ከቄሶቹ ቀጥሎ ቦታ ይለቀቅልኛል። የዳጉሳው ጠላ በአዲስ ዋንጫ ይቀዳልኛል፤ ድንች ወጡ ሲወጣም ሥጋ ያለበት ጭልፋ ወደ እኔ ያደላል። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ከሰርተፊኬት በስተቀር ምንም የሌለው ሰው ይህን ሁሉ ሲያገኝ፣ ያገኘው በሞተሩ ምክንያት መሆኑን ይረሳል።

ደግሞ አንድ ምሥጢር ነበረኝ። ከማዕከላችን ወደ ታችኞቹ ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ አንድ ረጅም ቁልቁለት አለው፤ አገሬው «ቀይ አፋፍ» ይለዋል። አፈሩ ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይበናል፣ ሲረጥብ እንደ ቅቤ ያንሸራትታል። በመጀመሪያው ቀን ጫፉ ላይ ደርሼ ቁልቁል ሳይ ፈራሁ። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም። ወርጄ ሞተሩን አጠፋሁና ፍሬኑን በእጄ እንደያዝኩ በእግሬ አወረድኩት። ታች ወንዙ ዳር ስደርስ አስነስቼ፣ ጭሱን እያንቦለቦልኩ መንደር ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ሙሉ እንዲሁ አደረግሁ። ድንገት ሰው ካጋጠመኝ ጎንበስ ብዬ ካንዴላ የምጠግን እመስላለሁ። «ይቺ ዶቅዶቄ እዚህ ስትደርስ ሁልጊዜ ትታመማለች» ያለኝን አንድ አህያ ነጂ እስካሁን አልረሳውም።

የሻረግ የመጣችው መስከረም ውስጥ ነው። የቄስ አለልኝ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያው አካባቢ የሚቀድሱ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራቸውና የሚወዳቸው ካህን ነበሩ። በእንስሳት እርባታ ዲፕሎማ ይዛ፣ በሃያ አራት ዓመቷ የቡድን መሪ ሆና ተመደበችብን። ተመደበችልን ማለት ነበረብኝ። ደብዳቤው ሁለት ነገር ይላል፤ ሞተሩን ለእሷ አስረክብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ መንዳት አስተምራት። ቅናት ያደረብኝ ያን ዕለት ነው። ያኔ ግን ቅናት ብዬ አልጠራሁትም። ለባልደረቦቼ «የሰው ልጅ ሕይወት ነው፤ ሴት ልጅ በዚህ መንገድ ላይ…» እያልኩ፣ ያዘንኩላት መስዬ አወራ ነበር።

ትምህርቱን በኳስ ሜዳው ጀመርን። ዝናቡ እየሳሳ፣ ሣሩ ገና እርጥብ፣ ዳር ዳሩን በቆሎው ሰው አህሎ ቆሞ ነበር። የሻረግ በቀሚሷ ሥር ሱሪ ታጥቃ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠፍንጋ ትመጣለች። መጀመሪያ ቀን ፍሪሲዮኑን፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን የግራ እጅ መያዣ፣ ድንገት ለቀቀችና ሞተሩ እንደ ደነበረ በቅሎ ዘሎ በቆሎው ውስጥ ጣላት። እኔ ስሮጥ እሷ አፈሩን እያራገፈች ተነስታ፣ «ፈጥኜ ለቀቅሁት፤ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀቀው ማለት ነው» አለች። ተቆጥታ ወይም አፍራ የምትቀር መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከጃኬቷ ኪስ ትንሽ ደብተር አውጥታ ጻፈችው።

ያ ደብተር! የምላትን ሁሉ ትጽፋለች። «ፍሪሲዮን፦ ቀስ ብሎ መልቀቅ።» «ጥምዝ ላይ፦ ከመግባት በፊት ፍጥነት መቀነስ።» አንዳንዱን ስነግራት ደግሞ «ለምን?» ትለኛለች። እኔን እስከዚያ ቀን ለምን ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን ለምን ብዬው አላውቅም። አራተኛው ቀን ላይ ማርሽ ስትቀይር ድምፁ ከእኔ ይልቅ የለሰለሰ ሆነ። ዘበኛችን ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆይተው፣ «ስሜነህ ልጄ፣ ይቺስ አስከነዳችህ» አሉ። ሳቅሁ። ጥርሴ ብቻ ነበር የሳቀው።

ስምንተኛው ቀን ላይ «በቃሽ፣ አውቀሻል» አልኳት። ስድስት ቀን ይቀረን ነበር። የቀረን ትምህርት ቀይ አፋፍ ነው፤ እሱን ደግሞ ማስተማር አልችልም።

ያን ዕለት ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ዘበኛው የጠበሱልንን የበቆሎ እሸት እንበላ ነበር። ጣታችን ጠቁሯል፤ አየሩ የተቃጠለ ገለባ ይሸታል። የሻረግ ድንገት ቀና ብላ፣ «ቀይ አፋፍን ግን አላሳየኸኝም። ቁልቁለት እንዴት ነው የሚወረደው?» አለችኝ።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ሁለት ቃል እንኳ አይሞላም። ግን አፌ ውስጥ በቆሎ፣ ልቤ ውስጥ የዘበኛው ንግግር ነበረ። ፍኖተ ሰላም ሻይ ቤት ውስጥ ሾፌሮች ነዳጅ ስለ መቆጠብ ሲያወሩ የሰማሁትን ግማሽ ወሬ ይዤ፣ የቀረውን እዚያው ፈጠርኩት።

«ፎሌ አድርጊው» አልኳት። ፎሌ ማለት ማርሹን ነጻ መልቀቅ ነው፤ ሞተሩ ጎማውን አይይዘውም፣ መኪናም ሆነ ሞተርሳይክል በራሱ ክብደት ይንደረደራል። «በራሱ ይወርድልሻል፤ ነዳጅም ትቆጥቢያለሽ። የእጅ ፍሬኑን እንዳትነኪ፣ ይደፋሻል። የእግሩን ብቻ ረግጠሽ ያዢ።»

እጇ ደብተሩ ላይ ቆመ። «በማርሽ ብወርድ ሞተሩ ራሱ አይይዘውም?»

ትክክል ነበረች። መሪ ከያዘች ስምንት ቀኗ ነው፤ እኔ በስምንት ወር ያላሰብኩትን አሰበችው። «እኔ ነኝ የማውቀው ወይስ አንቺ?» አልኳት።

«አልተከራከርኩህም። እንዲያው አንድ ጊዜ አብረን ወርደን ብታሳየኝ።»

«ቁልቁለት ደግሞ ምን ትርኢት አለው» ብዬ ተነሳሁ። ስሄድ እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ሲጫር ይሰማኛል።

የወደቀችው ጥቅምት ሲጋመስ ነው። ዝናቡ ቆሟል ብለን ጤፉ ማጎንበስ በጀመረበት ሰሞን፣ በማለዳ አንዲት ቀላል ካፊያ ጣለች። አቧራውን እንኳ በቅጡ አላረጠበችውም። የሻረግ በታችኞቹ ቀበሌዎች የመጀመሪያው የዶሮ ክትባት ቀጠሮ ነበራት። ሳጥኑን ከኋላ አስራ፣ ሄልሜቷን ጠበቅ አድርጋ በረንዳው ላይ ሰላም ብላኝ ስትወጣ አየኋት። ዛሬስ ይቅርብሽ፣ ወይም እዚያ ስትደርሺ ወርደሽ በእግርሽ አውርጂው ማለት ነበረብኝ። በእግር ማውረድ የቆየ ሙያዬ ነው። ይህን ከነገርኳት ግን ምሥጢሬ ይወጣል። «በደህና ዋይ» ብያት ወደ ውስጥ ገባሁ።

ቀትር ላይ ሽሮ ቀርቦልኝ አንድ ሁለት ጉርሻ እንደወሰድኩ፣ አንድ ገበሬ እያለከለከ በሩ ላይ ቆመ። «ያቺ የቄስ አለልኝ ልጅ ወድቃለች» አለ። ሮጥኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ተገናኘን፤ ስድስት ሰዎች ከባሕር ዛፍና ከጋቢ በሠሩት ቃሬዛ ተሸክመዋት ሽቅብ እየወጡ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች መሆን በማይገባው በኩል ዞሯል። ሄልሜቱ ራሷን አትርፎታል፤ ጎኑ ተሰንጥቆ አየሁት።

ስታየኝ ተሸካሚዎቹ እንዲቆሙ በእጇ ምልክት ሰጠች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ድምፅዋ ግን ትምህርቱ እንዳልገባት ተማሪ ነበር።

«ስሜነህ፣ እንዳልከኝ ነው ያደረግሁት። ፎሌ ነበርኩ። የእግሩን ፍሬን ብቻ ነው የያዝኩት። ምን አጠፋሁ?»

«አይዞሽ» አልኳት። «አይዞሽ፣ አይዞሽ።»

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ የእህል መኪና አስቆምን። ሾፌሩ ነገሩን ከሰዎቹ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ቁልቁለት በፎሌ ይወረዳል እንዴ?» አለ። «እኔ ይህን ሁሉ ኩንታል ጭኜ በማርሽ ነው የምይዘው። የኋላውን ጎማ የሚይዘውን የእግር ፍሬን ብቻ በጭቃ ላይ ከረገጡት እኮ ጎማው ቆልፎ ይንሸራተታል። ማን ነው እንዲህ ያላት?» እኔ ቃሬዛውን ወደ መኪናው ማንሳት ያዝኩ። ስለዚህ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላወቅሁም ነበር የምለው ሰበብ የለኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ጉዳዩ በኮሚቴ ታየ። ሞተሩ ተጎድቷል፣ ሠራተኛ ተሰብራለች፣ ጥፋቱ የማን ነው የሚል ነው ነገሩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ እኔ፣ የሻረግ በክራንች፣ ከጎኗም አባቷ ቄስ አለልኝ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። የሻረግ አልተማረረችም። የሆነውን በቅደም ተከተል ተናገረች። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ገጹን ገለጠችና አነበበችው፤ «ቁልቁለት፦ ፎሌ። የእጅ ፍሬን አለመንካት። የእግር ብቻ።» ቀኑንም ጽፋበት ነበር።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «አቶ ስሜነህ፣ እንዲህ ብለሃታል?»

ውጭ አንድ ሰው ግንድ ይፈልጥ ነበር። ምሳሩ ሁለት ጊዜ ሲያርፍ ሰማሁ። ከዚያ «አላልኩም» አልኩ። «በማርሽ ውረጂ፣ ፎሌ እንዳታደርጊ ነው ያልኳት። ምናልባት አዙራ ሰምታው ይሆናል።» እዚህ ላይ ባቆም እንኳ አንድ ነገር ነበር። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ስለሆነ ቸር መምሰል አማረኝ። «ጀማሪ ስትሆን ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ይነገርሃል፤ ይምታታል። እሷ ላይ አይፈረድም» ብዬ ጨመርኩበት።

«ደብተሩን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ። እሱ እየነገረኝ።»

«እሱ ግን እንዲህ አላልኩም እያለ ነው።»

የሻረግ ወደ እኔ አየች። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ስምንት ወር የነዳ ወንድና ስምንት ቀን የተማረች ሴት ነበርን፤ ማን እንደሚታመን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ በዚያ ተማምኜ ነው የዋሸሁት።

ያኔ ቄስ አለልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ» አሏት በቀስታ፣ «የኔታ ሲያዜሙ ልቡ ሌላ ቦታ የነበረ ተማሪ ነው ዜማ የሚሰብር። ከመጻፍ በፊት ማዳመጥ ነበረ።» ከዚያ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «አንተም ልጄ፣ ጊዜህን ሰውተህ ስላስተማርካት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስምህን በማንሳቷ አትቀየማት።»

እኒያ ሽማግሌ ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔም «ኧረ ምንም አይደል አባ» አልኩ። ይህን ቃል ያልኩበትን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

የሻረግ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ሞተሩ ከተጠገነ በኋላ፣ ልምድ አለው ተብሎ፣ ለእኔ ተመለሰ። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ብቻችንን ተገናኘን። አንድ ነገር ማለት ፈልጌ ቆምኩ። እሷ ክራንቿን አስተካክላ፣ «ደኅና ይዋሉ፣ አቶ ስሜነህ» አለችኝ።

እስከዚያ ቀን «አንተ» ነበር የምትለኝ፤ እኩዮች ነበርን። በእኛ አገር አንቱታ የክብር ነገር ነው። በዚያ ቀን ግን አንቱ ማለት በር መዝጋትም እንደሚሆን አየሁ። በጥር ራሷ ጠይቃ ወደ ቡሬ ተዛወረች። እግሯ ድኗል፤ ግን እያነከሰች ቀረች።

እኔስ? ሞተሩን ነዳሁት። በእግር ማውረዱ ስላስፈራኝ፣ አንዱ ያየኝ እንደሆነ ነገሩ ሁሉ ይያያዛል ብዬ፣ ጅጋ አንድ የቆየ ሞተረኛ ፈልጌ ቁልቁለት አሳየኝ አልኩት። አልሳቀብኝም። «ጫፉ ላይ ሳትደርስ አንደኛ ማርሽ አስገባ» አለኝ። «ፍሪሲዮኑን እንዳትይዘው፣ ሞተሩ ይያዝልህ። ከዚያ ሁለቱንም ፍሬን ባንድነት፣ የፊቱን በሁለት ጣት፣ እንቁላል እንደያዝክ። ዓይንህን ወደ ታች መጨረሻው ላክ።» ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። የአንዲት ሴት እግር፣ ሥራና ስም የወሰደው ነገር በግማሽ ሰዓት የሚጠየቅ ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እኔም የቡድን መሪ ሆንኩ። ቡሬ ለሥራ ስሄድ የሻረግን ሁለት ጊዜ ከሩቅ አይቻታለሁ፤ ሁለት ጊዜም እንዳታየኝ መንገድ ተሻግሬያለሁ። ቄስ አለልኝ ሲያርፉ ግን ለቅሶ ሄድኩ። አለመሄድ የሚያስጠረጥረኝ መስሎኝ ነው። ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ እየቆረጠምኩ፣ ከኋላዬ አንዱ ለሌላው «ያ ያስተማራት ሰውዬ ነው፤ ቂም እንኳ የለውም» ሲል ሰማሁ። ዞር ሳልል ንፍሮዬን ቆርጥሜ ጨረስኩ።

ይህን ሁሉ ባለፈው ጥቅምት፣ ሻዩ ሳይፈላ፣ ለማህሌት ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ የሚያጽናና ቃል ጠብቄ ነበር መሰለኝ፤ ሽማግሌ ሲናዘዝ የሚጠብቀው ይህንን ነው። እሷ ግን በርበሬውን በእግሯ ጫፍ እየሰበሰበች፣ «ሴትዮዋ በሕይወት አሉ?» አለችኝ።

«አሉ። ቡሬ።»

«ታዲያ ለእኔ መንገርዎ ምን ያደርጋል? ቡሬ እኮ ቅርብ ነው፣ አጎቴ።»

ሰኞ በማለዳ ሚኒባስ ያዝኩ። ከመስኮቱ የሚታየው የደረሰ ጤፍና የተከመረ ዳጉሳ ነው፤ እኔ ግን ልጅ ሆኜ ለመናዘዝ ስሄድ እንደማደርገው፣ የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ምንም አላየሁም። ቡሬ ወርጄ አንዱን የባጃጅ ሾፌር ጠየቅሁት፤ ወዲያው አወቃት። የሻረግ ጡረታ ወጥታ በነቀምቴው መንገድ ዳር የዶሮ መኖና ጫጩት ትሸጣለች። ሱቋ በራፍ ላይ ስደርስ ለአንድ ገበሬ መኖ እየሰፈረች ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል። አየችኝ፣ አወቀችኝ፣ ስፍሯን ግን አላቋረጠችም።

«እንዴት አደሩ፣ አቶ ስሜነህ። ይቀመጡ» አለች።

አልተቀመጥኩም። ገበሬው ሲወጣ ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶኝ፣ «ፎሌ አድርጊ ያልኩዎት እኔ ነኝ» አልኩ። «ያኔም የካድኩት ረስቼ አይደለም። ራሴም ቁልቁለቱን ወርጄው አላውቅም ነበር፤ በእግሬ ነበር የማወርደው። ሞተሩን ፈልጌው ነበር። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

እጇን በጨርቅ ጠረገች። ሳጥኑ ውስጥ ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ።

«በእግርዎ ነበር?» አለች በመጨረሻ። ፈገግታ የሚመስል ነገር መጥቶ ጠፋ። «ይህንንስ አላወቅሁም። ሌላውን ግን አውቃለሁ። እኔ የሰማሁትን አንድ ቀን ተጠራጥሬው አላውቅም፤ ለእኔ አዲስ ወሬ አይደለም።»

«አዎ» አልኩ።

«የማያውቁት እነሱ ናቸው። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ምክር በሰጡኝ ቁጥር 'ደግሞ አዙረሽ እንዳትሰሚው' ይሉኝ ነበር። በሰው ፊት፣ እየሳቁ። ክፋት አልነበራቸውም፤ አምነውዎት ነው። መሥሪያ ቤትም ብዙ ዓመት ደብዳቤ ሲሰጡኝ 'በደንብ አንብቢው' ይሉኝ ነበር። መናገር ከፈለጉ ለእነሱ ይናገሩ።»

ለእነሱ። ሰብሳቢው ሞተዋል። ከሁለቱ አባላት አንዱ የት እንደገባ አላውቅም፤ ሌላው ታሞ ሰው አይለይም። ቄስ አለልኝ ቤተ ክርስቲያናቸው አጸድ ውስጥ ተኝተዋል። ይህን ስነግራት ትከሻዋን ብቻ ነቀነቀች። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም፤ ይቅር አልልም አላለችም። «ሚኒባሱን ከስድስት ሰዓት በፊት ካልያዙ ወረፋው ይበዛብዎታል» አለችና ወደ ጫጩቶቿ ዞረች።

የተከተለው ቅዳሜ ማህሌትን ከከተማ ወጣ ወዳለ ቁልቁለት ወሰድኳት። እኔ በእግሬ ከጎኗ፣ እሷ በአንደኛ ማርሽ፣ ሁለቱንም ፍሬን በስሱ ይዛ ወረደች፤ ሦስት ጊዜ ደገምነው። አራተኛውን ብቻዋን ወርዳ ታች ሆና እጇን አነሳችልኝ። ደስ አለኝ፤ ግን ሙሉ ደስታ አልነበረም። ለአንዷ በደንብ ማስተማር ለሌላዋ ያስተማርኩትን አይሰርዘውም።

ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ስሟን መጻፌ ትክክል እንደሆነ ልጠይቃት ለየሻረግ ደወልኩ። «ይጻፉት» አለች። «ግን እንደ ሆነው ይጻፉት።» እንደ ሆነው ጽፌዋለሁ። ያን ዘመን የሚያውቅ፣ ወይም ነገሩን ከአባቱ ከእናቱ የሰማ ሰው ካለ፣ አንድ ነገር እንዲያርምልኝ እለምናለሁ። የቄስ አለልኝ ልጅ አዙራ አልሰማችም። እኔ ያልኩትን ቃል በቃል ሰምታ፣ ቃል በቃል ጽፋ፣ ቃል በቃል ፈጽማው ነው የወደቀችው።